የማን ሰዓት? ስለ ልዕለ አስተላላፊዎች ሥርዓትና ስለ መስክ መዋዠቅ

ይህን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት እንዳቀርብ ያነሣሡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የዕውቀት ፍቅር ሲሆን ሁለተኛው ዕዳ ነው። የዕውቀቱ ነገር ልዕለ አስተላላፊ፤ ወይም ፈረንጆቹ ሱፐርኮንዳክተር ስለሚሏቸው ነገሮች ነው። ዕዳው ግን በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በሳይንስ ክበባችን ስብሰባ ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል እኅታችን ለጠየቀችኝ ጥያቄ የሰጠሁት የማይገባ መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያን ቀን ስለ ልዕለ አስተላላፊዎች ንግግር እንዳደርግ ተመርጬ ስለ ነበር፤ በሰሌዳው ላይ ብዙ ቀስቶች ስዬ፤ «ብረቱ ሲሞቅ እነዚህ ቀስቶች አንዱ ወዲያ፤ አንዱ ወዲህ ያመለክታሉ፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ግን ሁሉም በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ ሥርዓት ማለት ይህ ነው» ብዬ በኩራት አስረዳሁ። ይህችም እኅታችን እጅዋን አንሥታ፤ «ወንድሜ፤ እያንዳንዱ ቀስት እንደ ሰዓት ዘንግ ነው ብለኸናል። ሁሉም አንድ ሰዓት የሚያመለክቱት በማን ሰዓት ነው?» አለችኝ። እኔም ጥያቄው ስላልገባኝ፤ አልገባኝም ማለትንም ስላፈርሁ፤ «በእኔ ሰዓት ነዋ!» ብዬ መለስሁላት። ተሰብሳቢው ሁሉ ሣቀ። እርሷም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ የፊዚክስ መምህራችን በረንዳው ላይ አስቁመውኝ፤ «መልሱን ታውቀዋለህን?» አሉኝ። «አዎን» አልሁ። «እንግዲያውስ ጽፈህ አምጣልኝ» ብለውኝ ሄዱ። በዚያች ሌሊት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀምጬ አንዲት መስመር እንኳ መጻፍ ሳልችል ነጋ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለእኔ የተነገረ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መምህራችን ባዋሱኝ መጻሕፍት ወራት ሙሉ ከደከምሁ በኋላ የገባኝን ያህል ከዚህ በታች አቀርባለሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ። ይህን ማስታወቄ ለምን እንደ ሆነ ኋላ ይገለጣል።

1ኛ፤ ልዕለ አስተላላፊ ምንድን ነው?

በቤታችን የእንጀራውን የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያግለው የሽቦው እንቅፋት ነው። በሽቦው ውስጥ የሚሮጡት ኤሌክትሮኖች ከሚናወጡት አቶሞች ጋር እየተጋጩ ኃይላቸውን በሙቀት መልክ ይጥላሉ። ይህ ለምጣድ መልካም ሲሆን ከግድብ እስከ ከተማ ለሚዘረጋው መስመር ግን ኪሳራ ነው።

በ1911 በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ የተባሉት ሊቅ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ፈሳሽነት በለወጡት ሂሊየም ባዚቃን አቀዝቅዘው እንቅፋቱን ሲለኩ፤ በ4.2 ኬልቪን አካባቢ፤ ይኸውም ከዜሮ በታች በ269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፤ እንቅፋቱ በድንገት ጠፋባቸው። ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ጠፋ። በ1933 ደግሞ ቫልተር ማይስነርና ሮበርት ኦክሰንፌልድ የተባሉ ጀርመኖች እንዲህ ያለው ብረት የማግኔትን መስክ ከውስጡ ገፍቶ እንደሚያስወጣ አገኙ። በዛሬው ጊዜ በሐኪም ቤት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው የኤም አር አይ መሣሪያ በአብዛኛው የሚሠራው በእንዲህ ያለ ሽቦ በተጠቀለለ ማግኔት ነው። በጄኔቫ አጠገብ በምድር ውስጥ በተሠራውና ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነው የሰርን መሣሪያም ማግኔቶቹ በ1.9 ኬልቪን ቀዝቅዘው ይሠራሉ።

የነገሩ ምክንያት የተገለጠው በ1957 በአሜሪካ በጆን ባርዲን፤ በሊዮን ኩፐርና በሮበርት ሽሪፈር ነው። እነርሱ እንዳስረዱት ኤሌክትሮኖቹ በብርቱ ቅዝቃዜ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ጥንዶቹም ሁሉ ተባብረው እንደ አንድ ሞገድ ይሄዳሉ። አንዱን ኤሌክትሮን ማሰናከል ቀላል ነው፤ ሁሉን በአንድ ላይ ማሰናከል ግን አይቻልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው።

ሞገድ ግን ከፍታ ብቻ አይደለም። በየቦታው በዙሩ ውስጥ የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ ደረጃም አለው። ይህን ደረጃ በሰዓት ዘንግ ልንመስለው እንችላለን። እኔም በሰሌዳው ላይ የሣልኋቸው ቀስቶች እነዚህ ዘንጎች ነበሩ።

2ኛ፤ የድርና የማግ መንደር

ሊቃውንቱ ስሌቱ እንዲቀልላቸው ብረቱን እንደ ጥልፍልፍ አድርገው ያስቡታል። ሸማኔ የዘረጋውን ድርና ማግ አስቡ። ክሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ አንድ ቤት አለ፤ በቤቱም ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት ተሰቅሏል እንበል። ከቤት ወደ ቤት የሚዘረጋው ክር መንገድ ነው። ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ1962 ብራያን ጆሴፍሰን የተባለ የ22 ዓመት የካምብሪጅ ተማሪ ጥንድ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ልዕለ አስተላላፊ ወደ ሌላው በስስ ግድግዳ በኩል ሾልከው እንደሚያልፉ በስሌት ካሳየ በኋላ፤ በየላቦራቶሪው ከጥቃቅን ልዕለ አስተላላፊ ደሴቶች የተሠራ እውነተኛ ጥልፍልፍ ተበጅቶ ተጠንቷል።

የመንደሩ ሕግ አንድ ነው፤ ጎረቤታሞች ሰዓታቸው ቢስማማ ይወዳሉ፤ ባይስማማ ዋጋ ይከፍላሉ። ሙቀት ደግሞ ዘንጎቹን ያናውጣል። ቅዝቃዜው ሲበረታ ስምምነት ያሸንፋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሁከት ያሸንፋል። በ1938 ከመጠን በላይ ቀላል ፈሳሽ ሆኖ የተገኘው ሂሊየም፤ አቶሞቹ የኤሌክትሪክ ጭነት ስለሌላቸው፤ በዚሁ ቀላል ሕግ ይገለጻል። ለእርሱ የእኔ የሰሌዳ ሥዕል ይበቃው ነበር። ለልዕለ አስተላላፊ ግን አይበቃም፤ ኤሌክትሮን ጭነት አለውና።

3ኛ፤ የአክስቴ ሰዓትና የመንገዱ ማስታወሻ

ልዩነቱን ለመግለጥ በቤታችን የሆነውን ልናገር። በውጭ አገር የምትኖረው አክስቴ ልትጠይቀን ስትመጣ በስልክ፤ «በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ» አለችን። እኛም አበባና ድፎ ዳቦ ይዘን ከጧቱ በሁለት ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። እርሷ የተናገረችው ግን በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ ስለ ነበረ የደረሰችው በእኛ በስምንት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆመን ጠበቅናት። እናቴ ስትቈጣ አያቴ፤ «የእርሷም ሰዓት ልክ ነው፤ የእኛም ልክ ነው፤ የጐደለው መካከላቸው ያለው ቃል ነው» አሉ።

አያቴ ፊዚክስ አልተማሩም፤ ሆኖም የተናገሩት የጉዳዩ ቍልፍ ነው። የሰዓት መነሻ ዜሮ የት ይሁን የሚለው የምርጫ ጉዳይ ነው። እኛ ከፀሐይ መውጫ እንጀምራለን፤ ሌሎች ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ። ዓመትንም ስንቈጥር እንደዚሁ ነው፤ ስለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የማንን አቈጣጠር እንደ ተጠቀምሁ ያስታወቅሁት። ምርጫው ምንም ቢሆን እውነቱ አይለወጥም፤ ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ «ይህን ያህል ጨምር» የሚል ማስታወሻ ያስፈልጋል።

አሁን በመንደራችን እያንዳንዱ ቤት የሰዓቱን ዜሮ እንደ ወደደው ይመርጣል እንበል፤ በየመንገዱም ላይ «ወደዚያ ቤት ስትሄድ ይህን ያህል ጨምር» ወይም «ቀንስ» የሚል ማስታወሻ ይለጠፋል። አንድ ቤት ዜሮውን በሦስት ሰዓት ቢያዛውር በዙሪያው ያሉት ማስታወሻዎችም በሦስት ሰዓት ይታረማሉ፤ ከዚህ በቀር የሚለወጥ ነገር የለም። ሊቃውንት ጌጅ ፊልድ፤ በአማርኛ የመለኪያ መስክ ልንለው የምንችለው ነገር እነዚህ ማስታወሻዎች ናቸው። ጭነት ላላቸው ኤሌክትሮኖች ይህን ተግባር የሚፈጽመው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ነው።

ማስታወሻዎቹ ሁሉ የምርጫ ነገር ከሆኑ ታዲያ እውነተኛው ነገር የቱ ነው? አራት ቤቶችን የሚያገናኝ አንድ ዙር እንውሰድ። ማስታወሻዎቹ «3 ጨምር፤ 4 ጨምር፤ 2 ቀንስ፤ 5 ቀንስ» ቢሉ ድምሩ ዜሮ ነው። ስለዚህ ቤቶቹ ዜሯቸውን አስተካክለው ማስታወሻዎቹን ሁሉ ሊያጠፏቸው ይችላሉ። መጨረሻው «4 ቀንስ» ቢሆን ግን ድምሩ 1 ይሆናል። አንድ ቤት ዜሮውን ሲያዛውር ወደ እርሱ በሚገባው መንገድ የጨመረውን ከእርሱ በሚወጣው መንገድ ስለሚቀንሰው፤ ይህን ትርፍ 1 ሰዓት ማንም በምንም ምርጫ ሊያጠፋው አይችልም። ይህ በዙር የማይጠፋው ትርፍ የማግኔት መስክ ነው። ማግኔት በቤት ውስጥ ወይም በአንድ መንገድ ላይ ሳይሆን በዙሩ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

ስለዚህ የመንደሩ ሕግ ሁለት ይሆናል። ጎረቤታሞች ማስታወሻው ተደምሮ ካልተስማሙ ዋጋ ይከፍላሉ፤ የማስታወሻዎቹ ድምር በዙር ዜሮ ካልሆነም ሌላ ዋጋ ይከፈላል። ሙቀቱም ዘንጎቹን ብቻ ሳይሆን ማስታወሻዎቹንም ያናውጣል። የመስክ መዋዠቅ የሚባለው ይህ የማስታወሻዎቹ መናወጥ ነው።

4ኛ፤ የአዙሪት ዋጋ

የማስታወሻዎቹ መዋዠቅ በሥርዓት ላይ ምን ያደርጋል? መልሱን ለማግኘት የሥርዓት ጠላት የሆነውን አዙሪትን ማወቅ ያስፈልጋል። አዙሪት ማለት በአንድ ነጥብ ዙሪያ ስንዞር ዘንጎቹ አንድ ሙሉ ዙር፤ ማለት 12 ሰዓት፤ የሚዞሩበት ቦታ ነው።

በመጀመሪያ ማስታወሻዎቹ ሁሉ ዜሮ ሆነው የተቸነከሩ ናቸው እንበል። ነጥቡን የከበቡት 4 ቤቶች 12ቱን ሰዓት ሲካፈሉ በጎረቤታሞች መካከል 3 ሰዓት ልዩነት ይደርሳል። ቀጥሎ ያለው ዙር 12 ቤቶች ስላሉት 1 ሰዓት ይደርሳቸዋል። የ60 ቤቶች ዙር 12 ደቂቃ ብቻ ይደርሳቸዋል። ዋጋው የልዩነቱ ካሬ ነው ብለን ብናቃልለው፤ የመጀመሪያው ዙር 36፤ ሁለተኛው 12፤ የ20 ቤቶቹ ሦስተኛው ዙር 7.2 ይከፍላል። ዋጋው እየቀነሰ ቢሄድም ድምሩ ግን ከቶ አያቆምም፤ መንደሩ በሰፋ መጠን ያድጋል። ስለዚህ ብቻውን የቆመ አዙሪት እጅግ ውድ ነው፤ ሥርዓትም ከጥቃቱ ይጠበቃል።

አሁን ማስታወሻዎቹን እንፍታቸው። ከአዙሪቱ ራቅ ባለው ዙር ላይ ያሉት ማስታወሻዎች ተስተካክለው ድምራቸው 12 ቢሆን የዘንጎቹን ልዩነት በትክክል ያካክሱታል፤ ማንም ከማንም ጋር አይጣላም። ለዚህ የሚከፈለው በአዙሪቱ መካከል አንድ ቁና የማግኔት መስክ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እንግዲህ የአዙሪቱ ዋጋ በመካከሉና በአካባቢው ተወሰነ ማለት ነው፤ መንደሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ አይጨምርም። አዙሪቶቹም እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት በቅርብ ሲሆኑ ብቻ ነው። ማስታወሻዎቹ ጠባቂዎች መስለው ገብተው ለጠላት በሩን እንደ ከፈቱ ይቈጠራል።

በጠፍጣፋ መንደር፤ ማለት ርዝመትና ወርድ ብቻ ባለው ጥልፍልፍ፤ ይህ ከባድ ውጤት አለው። ዋጋው የተወሰነ አዙሪት ከዜሮ በላይ በሆነ በማናቸውም ሙቀት አልፎ አልፎ መታየቱ ስለማይቀር ፍጹም ሥርዓት አይገኝም። ደግነቱ በእውነተኛ ስስ ንጣፍ ላይ የማግኔቱ መስክ ከንጣፉ ውጭ ባለው ባዶ ቦታ ስለሚዘረጋ፤ ጁዳ ፐርል የተባለ ሊቅ በ1964 እንዳሳየው፤ አዙሪቶቹ እስከ ሩቅ ድረስ ይተዋወቃሉ፤ ንጣፉም በተግባር ሲታይ ሥርዓት ያለው ሊመስል ይችላል።

ፎቅ በፎቅ በተሠራ መንደር፤ ማለት ቁመትም ባለው ብረት፤ አዙሪቶቹ ነጥቦች ሳይሆኑ እንደ ክር የረዘሙና እንደ ቀለበት የተገጠሙ መስመሮች ናቸው። በብርድ ጊዜ ቀለበቶቹ ትንንሽ ናቸው። ሙቀቱ ሲጨምር ያድጋሉ፤ በመጨረሻም ብረቱን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጡት ልዕለ አስተላላፊነቱ ያበቃል።

5ኛ፤ በጣሳ ወይስ በኩንታል?

በ1974 በርትራንድ ሃልፐሪን፤ ቶም ሉበንስኪና ሻንግ ኬንግ ማ የተባሉ ሊቃውንት አንድ ያልተጠበቀ ስሌት አወጡ። ሥርዓት ሲመጣ ማስታወሻዎቹ እንደ ልባቸው መዋዠቃቸውን ያቆማሉ። እነርሱን ለመገደብ ደግሞ ዋጋ ይከፈላል፤ ስለዚህም ሥርዓት የሚጀምርበት ሙቀት ዝቅ ይላል። ነገር ግን ዋጋው ከሥርዓቱ መጠን ጋር እኩል አያድግም፤ ሥርዓቱ በበዛ መጠን ጭማሪው ይረክሳል። እህል በጣሳ ከመግዛት በኩንታል መግዛት እንደሚያዋጣ ሁሉ፤ ብረቱም ሥርዓትን ጥቂት በጥቂት ሳይሆን በአንድ ጊዜ በብዛት መግዛት ያዋጣዋል። ከዚህም የተነሣ ለውጡ እንደ ውኃ መፍላት በዝላይ የሚሆን ነው አሉ። ዝላዩ ግን በተለመዱት ብረቶች እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆነ በመሣሪያ ለማየት ያስቸግራል።

በ1981 ደግሞ ቻንዳን ዳስጉፕታና ያው ሃልፐሪን ነገሩን በጥልፍልፍ ላይ በኮምፒዩተር ፈተኑት። ኮምፒዩተሩ እንደ ዳይ ጣይ ዘንጎቹንና ማስታወሻዎቹን በዕድል እያናወጠ አማካዩን ያሰላል። የተገኘው ውጤት በዝላይ የሚሆን ለውጥ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚመጣ ለውጥ ነበር። ከዚህም በላይ የሚደንቅ ነገር አገኙ፤ ጭነት ባለው መንደር የአዙሪቶቹ መስመሮች ጠባይ ጭነት ከሌለው መንደር ጋር አንድ ሆኖ፤ ሙቀትና ብርድ ብቻ ቦታ ተለዋውጠው ተገኙ። የአንዱ ብርድ የሌላው ሙቀት ነው፤ በመስተዋት እንደ መታየት ያለ ነው።

ታዲያ ማን ነው ልክ? ሁለቱም በየወገናቸው ልክ ናቸው። እያንዳንዱ ልዕለ አስተላላፊ ሁለት ርዝመቶች አሉት፤ አንደኛው የማግኔት መስክ ወደ ውስጡ የሚዘልቅበት ጥልቀት ሲሆን ሁለተኛው የጥንዶቹ ሥርዓት ለመመለስ የሚፈልገው ርቀት ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር የብረቱን ጠባይ ይነግራል። በእርሳስ ሁለቱ ርዝመቶች ወደ 37 እና ወደ 83 ናኖ ሜትር ስለ ሆኑ ቍጥሩ 0.45 ያህል ነው። ሃገን ክላይነርት በ1982 ባወጣው ስሌት ድንበሩ በ0.57 ገደማ ሲሆን፤ በ2002 በኖርዌይ በኮምፒዩተር የተሠራው ስሌት ደግሞ 0.54 ገደማ አድርጎታል። ከዚህ በታች ያሉት፤ እንደ እርሳስ ያሉት፤ በኩንታል ይገዛሉ፤ ለውጡ በዝላይ ነው። ከዚህ በላይ ያሉት በጣሳ ይገዛሉ።

በ1986 ዮሃንስ ጌኦርግ ቤድኖርትስና ካርል አሌክስ ሙለር በስዊዘርላንድ የመዳብ ኦክሳይድ ያለባቸው አዳዲስ ልዕለ አስተላላፊዎች አገኙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ኢትሪየም፤ ባሪየምና መዳብ ያለበት ቅመም በ93 ኬልቪን ገደማ ልዕለ አስተላላፊ ሆነ። ይህም ናይትሮጅን ከሚፈላበት ከ77 ኬልቪን በላይ ነው። በእርሱ ውስጥ ከላይ ያልሁት ቍጥር ወደ 100 ይጠጋል፤ ሙቀቱም ከፍ ያለ ስለ ሆነ የዘንጎቹ መናወጥ በመሣሪያ ጎልቶ ይታያል። በ1994 በካናዳ የተደረገ ልኬት ቅመሙ በለውጡ አጠገብ በብዙው ጭነት እንደሌለው መንደር ጠባይ እንደሚያሳይ ገለጠ። ማስታወሻዎቹ በዚያ ለመናወጥ አስቸጋሪ ስለ ሆኑ የእነርሱ መዋዠቅ ጎልቶ የሚወጣው ከለውጡ ሙቀት እጅግ ቅርብ በሆነ ጠባብ ክልል ብቻ ነው።

6ኛ፤ የማንም ሰዓት አይደለም

አሁን ወደ ዕዳዬ እመለሳለሁ። በ1975 ሽሙኤል ኤሊትሱር የተባለ የእስራኤል ሊቅ እንዲህ ሲል አረጋገጠ። እያንዳንዱ ቤት ጎረቤቶቹን ሳያስቸግር፤ ማስታወሻዎቹን ብቻ አርሞ ዜሮውን እንደ ልቡ ሊያዛውር ከቻለ፤ ዘንጉ 3 ሰዓት ለሚያመለክትበት ለእያንዳንዱ ሁኔታ 9 ሰዓት የሚያመለክትበት ዋጋው እኩል የሆነ ሌላ ሁኔታ አለ። ስለዚህ የዘንጉ አማካይ አቅጣጫ በሙቀትም ቢሆን በብርድም ቢሆን ዜሮ ነው። በማግኔት ብረት ውስጥ ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ በዚያ አንዱን ቀስት ለማዞር ጎረቤቶቹን ማስቀየም ግድ ነው።

እንግዲህ «ቀስቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ» ብዬ የሣልሁት ሥዕል እውነት የሚሆነው አስቀድሞ የማን ዜሮ እንደ ተመረጠ ከተነገረ ብቻ ነው። ሳይነገር ትርጕም የለውም። የእኅታችን ጥያቄ የሕፃን ጥያቄ አልነበረም፤ ልዕለ አስተላላፊነት ከተገኘ ከ64 ዓመት በኋላ ነው በጥልፍልፍ ላይ በማያሻማ ማስረጃ መልስ ያገኘው።

ሥርዓት ታዲያ የለም ማለት ነውን? አለ፤ ነገር ግን የሚታወቀው በማንም ሰዓት ላይ በማይመሠረቱ ምልክቶች ነው። የማግኔት መስክ ከብረቱ መባረሩ አንድ ምልክት ነው። በቀለበት ውስጥ የተለቀቀ የኤሌክትሪክ ጅረት ያለ ኃይል ምንጭ መዞሩን መቀጠሉ ሌላ ምልክት ነው። በ1961 በአሜሪካና በጀርመን ሁለት ቡድኖች እንደ ለኩት፤ በቀለበት ውስጥ የሚታሰረው የማግኔት መስክ ሁልጊዜ በሙሉ ቁና የሚሰፈር መሆኑም ሦስተኛ ምልክት ነው። አንዱ ቁና የምድራችን መስክ ጎኑ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ በሚያንስ አራት ማዕዘን ውስጥ የሚያሳልፈውን ያህል ትንሽ ነው። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ በዙር የሚለኩ ናቸው፤ የዙር ድምር ደግሞ የማንንም ዜሮ አይጠይቅም።

ይህ ሐሳብ ከብረት አልፎ ሄዷል። በልዕለ አስተላላፊ ውስጥ መስኩ ሩቅ መዝለቅ አለመቻሉ ክብደት እንዳገኘ ያህል መሆኑን ፊሊፕ አንደርሰን በ1963 አመልክቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ፍራንሷ ኢንግለርና ሮበርት ብሩ፤ እንዲሁም ፒተር ሂግስ ይህንኑ አሳብ ወደ ጥቃቅን የተፈጥሮ ክፍሎች አዛወሩት፤ በ2012 በሰርን የተገኘው የሂግስ ቅንጣት የዚያ ፍሬ ነው። ያ ግኝት የተገኘበት መሣሪያ ራሱ በልዕለ አስተላላፊ ማግኔቶች የሚሠራ መሆኑን ሳስብ እጅግ እደነቃለሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፤ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን፤ እኔ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን እሰናበታለሁ። መምህራችን ጽፈህ አምጣ ያሉኝ ወረቀት ይኸው ነው። ያቺ እኅታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ በክበቡ ስብሰባ እጅዋን አንሥታ አላየኋትም። ሁከት ብርድ ሲያገኝ ሥርዓት ይሆናል፤ ጥያቄ ግን ሣቅ ሲያገኝ ዝምታ ይሆናል፤ ያንንም ዝምታ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ ሁሉም እያየ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ መልሱም፤ «የማንም ሰዓት አይደለም፤ ጥያቄሽ ግን ከንግግሬ ሁሉ ይበልጥ ነበር» የሚል ነው። በሚመጣው ዓመት ክበቡ ሲሰበሰብ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እጅዋን እንድታነሣ፤ የሚናገረውም ተማሪ መልሱን ባያውቅ «አላውቅም» ለማለት እንዳያፍር ምኞቴ ነው።